ፈጣኑ መርፌና የዶርዜው ሽምግልና

ስኳር በሽታ ያለበትን ሰው ሲበላ ያየ ሁሉ ሐኪም ነው። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ወሬዬን ሳልጨርስ እናንተም ምክር መስጠት እንደሚያምራችሁ ስለማውቅ ነው። እባካችሁ ተዉኝ፣ ደክሞኛል። ሽፈራው ቀቅለህ ጠጣ ያሉኝን ጠጥቻለሁ። የማንጎ ቅጠል ያሉኝንም ሞክሬያለሁ። እንደ ኮሶ የሚመር ነገር በብርጭቆ ሞልታ በባዶ ሆዴ ያጠጣችኝ ጎረቤት እንኳ አለችኝ፤ ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልነገረችኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አቅም አላገኘሁም። አርባ ምንጭ ውስጥ ጂኦግራፊ የማስተምር፣ ሃምሳን ያለፍኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሆዴን በመርፌ ስወጋ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከዚህ ሁሉ ዓመት የተማርኩት ነገር ቢኖር፣ በሽታው ራሱ ያን ያህል እንደማያደክም ነው። የሚያደክመው ሰዓቱ ነው።

የድሮው ኢንሱሊኔ ረጋ ያለ፣ ጨዋ መድኃኒት ነበር። ከምግብ በፊት ትወጉትና ግማሽ ሰዓት ትጠብቁታላችሁ። እሱ ተነሥቶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ጫማውን አስሮ እስኪወጣ ድረስ እናንተ ምራቃችሁን እየዋጣችሁ ትቀመጣላችሁ። ባለቤቴ አስቴር ከማዕድ ቤት ሆና "ተወጋህ?" ትለኛለች። "ተወጋሁ" እላለሁ። ያን ጊዜ ሽሮውን ትጥዳለች። ትዳራችን በዚህች ጥያቄና መልስ ላይ ቆሞ ብዙ ዓመት ተጉዟል።

ለከተማችንም ቢሆን የተመቸ መድኃኒት ነበር። ከላይኛው ሰፈር ከሴቻ ወደ ታችኛው ሲቀላ ወርዶ ዓሣ ያዘዘ ሰው ዓሣው ገና ከሐይቅ እየወጣ ይመስል ግማሽ ሰዓት መጠበቁ አይቀርም። እኔ እንዳዘዝኩ መጸዳጃ ቤት ገብቼ እወጋና እመለሳለሁ። ጓደኞቼ በአስተናጋጇ ላይ ሲያጨበጭቡ እኔ ብቻ በሰላም እቀመጣለሁ። ዓሣውና መድኃኒቱ ተቀጣጥረው እንደመጡ ሰዎች እኩል ይደርሱልኛል።

ታዲያ ባለፈው ክረምት ሐኪሜ፣ ልጄ ልትሆን የምትችል ትሁት ሴት፣ ደብተሬን ገለጥ ገለጥ አድርጋ "ጋሼ፣ መድኃኒቱን ልቀይርልዎት ነው" አለችኝ። እስክሪብቶ የመሰለ ነገር አውጥታ አሳየችኝ። "ይሄኛው ፈጣን ነው። ምግቡ ፊትዎ ሲቀርብ ይወጋሉ፣ ወዲያው ይበላሉ።"

"ወዲያው ስትይ?"

"ወዲያው ማለት ወዲያው ነው፣ ጋሼ። ሳህኑን በዓይንዎ ሳያዩ እንዳይወጉ። ተወግተው ሳይበሉ ከቆዩ ስኳርዎ ይወርዳል፤ ከረሜላ ከኪስዎ አይለይ።"

ደስታዬን አልደብቃችሁም። በቀን ሦስት ግማሽ ሰዓት ተመለሰልኝ ማለት ነው። የት አደርገዋለሁ ብዬ እስከ ማሰብ ደረስኩ።

ግን አሥራ አንድ ዓመት የለመደ ሰውነት በአንድ ቀን አይማርም። በመጀመሪያው ቀን ምሳ ሰዓት ላይ አስቴር ሳህኑን አቀረበች፣ ተወጋሁ፣ ከዚያም እንደ ልማዴ ሳህኑን ሸፈን አድርጌ የተማሪዎች ፈተና ማረም ጀመርኩ። አስቴር ጓሮ ልብስ ታሰጣለች። ጥቂት ቆይቶ ላብ መጣ። በአርባ ምንጭ ላብ ምልክት አይሆንም፤ እዚህ ላብ የማያልበው ሐውልት ብቻ ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ፤ የተማሪው ጽሑፍ ነው ያበሳጨኝ ብዬ አለፍኩት። አስቴር ስትገባ ከሠላሳ ለሚታረመው ፈተና ሠላሳ አራት ሰጥቼ፣ ሁለተኛውን ደግሞ በቀዩ እስክሪብቶ ፋንታ በኢንሱሊኑ እያረምኩ አገኘችኝ። ስኳር በውሃ በጥብጣ እንደ ጥጃ አጋተችኝ። ነፍሴ ስትመለስ ወገቧን ይዛ ቆማለች።

"ምን እየጠበቅክ ነበር?" አለችኝ።

"ግማሽ ሰዓቱን።"

"ግማሽ ሰዓቱ እኮ ተሽሯል!"

ከዚያ በኋላ ተጠነቀቅኩ። ከመጠንቀቄ ብዛት ዓሣ ቤት ገብቼ ዓሣው ጠረጴዛ ላይ እስኪቀመጥ ጠበቅኩ፣ በዓይኔ አየሁት፣ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ተወግቼ ስመለስ ጓደኞቼ አከርካሪውን አስቀርተውልኛል። ሁለት ዳቦ በዳጣ፣ በዚያ በሚያቃጥለው የበርበሬ ማባያ፣ በልቼ ተነሣሁ። ለምን እዚያው ጠረጴዛ ላይ አትወጋም ትሉኝ ይሆናል። ሰው ፊት ሸሚዝ ገልጦ መወጋት ያሳፍረኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ከአስቴርና ከሐኪም በቀር መርፌዬን ያየ ሰው አልነበረም። ይህች እፍረቴ ናት ኋላ ላይ ዶርዜ ድረስ ይዛኝ የወጣችው።

የዶርዜው ነገር እንዲህ ነው። ታምራት የሚባል፣ ድሮ ተማሪዬ የነበረ፣ አሁን እኔው ትምህርት ቤት ፊዚክስ የሚያስተምር ልጅ አለ። ትዕግሥት የምትባል የዶርዜ ልጅ ወደደ። እሷም ወደደችው። አባቷ አቶ አይዛ ግን የታወቁ ሸማኔና የታወቁ እምቢተኛ ናቸው፤ ከዚያ በፊት ለእሷ የመጡ ሁለት ሽምግልናዎችን በባዶ እጅ መልሰዋል። ታምራት ሦስት ሽማግሌዎች አዘጋጀ። መሪው ጋሽ ሶርሳ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ፣ ልማድ የሚባል ነገር ከእሳቸው በፊት የተፈጠረ የማይመስላቸው ሰው። ሁለተኛው ሲቀላ ገበያ አጠገብ ጅምላ የሚነግዱት ጋሽ ነስሩ ናቸው። ሦስተኛው ሰው በዋዜማው ወገቡን ታመመ። ታምራት እኔ ዘንድ መጣ።

"ጋሼ፣ እርስዎ ካልገቡልኝ ሰው የለኝም" አለኝ።

እምቢ ማለት አቃተኝ። በሽምግልና ገብቼ አላውቅም። ጋሽ ሶርሳም ጋሽ ነስሩም ስኳር እንዳለብኝ አያውቁም፣ እኔም ለአንድ ቀን ብዬ አልነገርኳቸውም።

እሑድ ጠዋት ተነሣን። አስቴር የዶርዜ ብርድ እንዳይገድለኝ ብላ የሟች አባቷን ካፖርት አወጣችልኝ። ናፍታሌን ናፍታሌን የሚል፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ ካፖርት ነው። መርፌዬን ወደ ካፖርቱ ኪስ አዛወርኩ። ከረሜላዎቼ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ፣ ጃኬቴ አርባ ምንጭ፣ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ቀረ።

መኪናችን ጠመዝማዛውን መንገድ ሽቅብ ያዘ። ሙዙና ማንጎው ቀርቶ ቀርከሃውና እንሰቱ መጣ፣ ጉምም ተከተለ። ከፍታ ሲጨምር ሙቀት ለምን እንደሚቀንስ ለሁለቱ ሽማግሌዎች አስረዳሁ። ማንም አልሰማኝም፤ ለምጄዋለሁ።

አቶ አይዛ ደጃፍ ድረስ ወጥተው "ሳሮ! ሳሮ! ግቡ!" ብለው ተቀበሉን። ቤቱ ከቀርከሃ የተሠራ፣ ጣሪያው እላይ ጨለማ ውስጥ የሚጠፋ ቤት ነው። ዘመድ አዝማድ በዙሪያው ተቀምጧል። የጤና መጠያየቁ ብቻ አንድ ክፍለ ጊዜ ፈጀ፤ የእኛ፣ የልጆቻችን፣ የከብቶቻችን። ከብት የለኝም፤ ደህና ናቸው አልኩ። ሰባት ሰዓት ሲሆን ሴቶቹ ምሳ ይዘው ገቡ። ትኩስ ቆጮ፣ ማር በጎድጓዳ ሳህን፣ ቅቤ፣ ዳጣ፣ የተቀቀለ ድንች። የልጅቷ እናት ወይዘሮ አማረች ሁሉንም እፊታችን ደርድረው "ቅመሱ እንጂ" አሉ።

ሳህኑን በዓይኔ አየሁት። የሐኪሜን ቃል ሙሉ በሙሉ ፈጸምኩ ማለት ነው። "አንድ ጊዜ" ብዬ ወጣሁ፣ እንሰቱ ጀርባ ቆሜ ከካፖርቱ ቁልፎች ጋር ታገልኩ፣ ለሙሉ ምሳ የሚሆነውን መጠን ተወጋሁ። እጄን እያሻሸሁ ተመለስኩ።

ስገባ ጋሽ ሶርሳና ጋሽ ነስሩ ቆመዋል። ጋሽ ሶርሳ ጉሮሯቸውን ጠርገው እንዲህ እያሉ ነበር፦

"የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ አንቀመጥም! እህላችሁንም አንቀምስም!"

ይህን ልማድ አላውቅም ነበር አልልም። እኔ ራሴ የተዳርኩት በዚሁ ነው። ግን ልማድን ማወቅና ቆሞ ልማድ መሆን ይለያያሉ። እሱን ያወቅኩት እዚያች ቦታ፣ ማሩ ከጫማዬ አንድ ክንድ ርቆ ነው።

ለምን ያኔውኑ አልተናገርክም በሉኝ። አስቴርም ብላኛለች። ሽማግሌ ተብሎ የሰው ቤት የገባ፣ የመሪውን ቃል አቋርጦ "እኔ ግን ልብላ" እንዴት ይላል? ሁለት ጊዜ እምቢ ያሉ አባት ፊት፣ ታምራት ከታች ስልኩን ይዞ ቁጭ ብሎ? ቶሎ ያልቃል ብዬ ተስፋ አደረግኩ። ጋሽ ሶርሳ ግን ከታምራት ቅድመ አያት ጀመሩ።

ቅድመ አያቱን ጨርሰው ወደ አያቱ ሲገቡ ከንፈሬ መደንዘዝ ጀመረ። ወደ ጋሽ ነስሩ ጠጋ ብዬ አንሾካሾክሁ።

"ጋሽ ነስሩ፣ ስኳር አለዎት?"

"አለ" አሉ ቀስ ብለው። "ምን ያህል ፈለግክ?"

"ትንሽ። አሁን።"

"አሁንማ ሱቁ ዝግ ነው። ነገ ጠዋት ላክ።"

"ኪስዎ ውስጥ ማለቴ ነው!"

ጋሽ ነስሩ አበደ እንዴ ብለው አዩኝ። ስኳር በኩንታል የሚያራግፉ ሰው፣ ኪሳቸው ውስጥ ቁልፍና መቁጠሪያ ብቻ።

አቶ አይዛ መልስ መስጠት ጀመሩ። ሸማኔ አይደሉ፣ ንግግራቸውም እንደ ሥራቸው ነው፤ አንዱን ክር ወዲያ፣ አንዱን ወዲህ፣ ቀስ እያሉ፣ ሳይበጠስ። ግንባሬ ላይ ላብ ወረደ። አርባ ምንጭ ቢሆን ማን ያየኛል? ዶርዜ ላይ ግን ሰው ሁሉ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት እየሞቀ ነው። አቶ አይዛ ንግግራቸውን አቋርጠው አፈጠጡብኝ።

"ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያልበው?" አሉ። "የደበቃችሁን ነገር አለ እንዴ?"

ጋሽ ሶርሳ ወደ እኔ ዞሩ። ዓይናቸው ላቡን አቁም የሚል ይመስላል።

"መምህር" አሉ አቶ አይዛ፣ "ልጁን ያስተማሩት እርስዎ ነዎት አሉ። እስቲ ይንገሩን። እንዴት ያለ ልጅ ነው?"

ስኳር ሲወርድ አብሮ የሚወርደው አእምሮ ነው። ስለ ታምራት ልናገር አፌን ከፈትኩ። ዓይኔ ግን ጎድጓዳው ሳህን ላይ ነበር።

"ልጁ... ማር ነው" አልኩ።

"እሺ" አሉ አቶ አይዛ። "ሌላስ?"

"ቅቤ ነው።"

"ሌላስ?"

"ቆጮ ነው።"

ከሴቶቹ በኩል ሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅኩም። ጉልበቴ ከድቶኝ ነበር። ካፖርቱ ቀድሞኝ ወረደ፣ እኔ ተከተልኩት፣ ማሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ያደረገው እጄ ነው፤ እኔ ያየሁት እንደ ተመልካች ነው። አራት ጣቴን ማሩ ውስጥ ነከርኩና አፌ ውስጥ አስገባሁ።

"መምህር!" አሉ ጋሽ ሶርሳ፣ ታቦት የረገጥኩ ያህል።

መልሼ ነከርኩ። ደግሞ ግማሹ ከአፌ ይልቅ አገጬን እያገኘ ነበር። ያን ጊዜ ወይዘሮ አማረች ከተቀመጡበት ተነሥተው መጡ። "ዝም በሉ! ዓይኑን እዩት፣ ሰውየው ደህና አይደለም!" አሉና ራሴን ደግፈው ማሩን በእጃቸው አጎረሱኝ። ስኳር በሽታ ምን እንደሆነ አያውቁም ነበር። ሊወድቅ የደረሰን ሰው ግን ያውቃሉ።

ነፍሴ ስትመለስ አገጬ ማር፣ ካፖርቱ ማር፣ ዙሪያዬን የዶርዜ ሕዝብ ከቦኛል። አፈርኩ። መርፌውን አውጥቼ አሳየሁና "ስኳር በሽታ አለብኝ" አልኩ።

አቶ አይዛ መርፌውን አገላብጠው አዩ። "ስኳር ያለበት ሰው ማር አይከለከልም?"

"ይከለከላል።"

"ታዲያ ማሩ ነው ያዳነዎት?"

"አዎ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ራሴ አሥራ አንድ ዓመት ስነቀንቅ ስለኖርኩ አልፈረድኩባቸውም።

ጋሽ ሶርሳ ይቅርታ ጠየቁ፣ ሽምግልናው እንደ ፈረሰ እንዲቆጠር አሉ። አቶ አይዛ ከዘመዶቻቸው ጋር በጋሞኛ ተማከሩና "ለዛሬ መልስ የለኝም" አሉ። "ከሦስት ሳምንት በኋላ ኑ።"

ቁልቁል ወረድን። ጋሽ ነስሩ መኪናው ውስጥ፣ "ምናለ በሽተኛ ነኝ ብትለኝ? እኔ እኮ የምትገዛ መስሎኝ" አሉ። ታምራት መንገድ ዳር ቆሞ ይጠብቀን ነበር። የሆነውን ነገርኩት። "ዋናው የእርስዎ ደህና መሆን ነው፣ ጋሼ" አለ። ፊቱ ግን ፈተና የወደቀ ተማሪ ፊት ነበር፤ ያን ፊት ሃያ ምናምን ዓመት አይቼዋለሁ፣ እንደዚያ ቀን ግን ልቤን ወግቶኝ አያውቅም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም። ጠዋት ለጋሽ ሶርሳ ደውዬ ሌላ ሰው ይፈልጉ አልኩ። "ፈልጌያለሁ" አሉ፤ ቶሎ ነው ያሉት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግን ትዕግሥት ለታምራት ደወለች። አባቷ ያሉት ይህ ነው፦ "ያ የታመመው መምህር አብሮ ካልመጣ በሬን አልከፍትም።"

በቀጠሯቸው ቀን ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ሄድኩ። አሁን ከረሜላው በአራቱም ኪሴ ነበር፣ አስቴር ራሷ ፈትሻኛለች። ገብተን ሰላምታው እንዳለቀ ወይዘሮ አማረች አንድ ሳህን ብቻ ይዘው መጡና እኔ ፊት አስቀመጡ። ጋሽ ሶርሳ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የመጣንበት ጉዳይ መልስ ሳያገኝ..."

"እናንተ ቁሙ" አሉ አቶ አይዛ። "እሱ ተቀምጦ ይብላ። ቤቴ ውስጥ ሰው እንዲሞትብኝ አልፈልግም።"

ተቀመጥኩ። ወደ ውጭ ልወጣ አሰብኩና ተውኩት፤ ለመውጣት፣ ለመደበቅ፣ ከቁልፍ ጋር ለመታገል አቅም አልነበረኝም። ሸሚዜን ገለጥ አድርጌ እዚያው፣ ያ ሁሉ ሰው እያየኝ ተወጋሁ። አንዲት አሮጊት "ያማል?" አሉኝ። "አያምም፣ እናቴ" አልኳቸው። ለዚህ ነበር ያን ሁሉ ዓመት የተደበቅኩት።

እየበላሁ ሳለ አቶ አይዛ ለጋሽ ሶርሳ እንዲህ አሉ፦ "ከዚህ በፊት የመጡት ሁሉ ደመወዙን፣ ቤቱን፣ ዘሩን ነው የነገሩኝ። ይህ ሰው ግን ከሞት አፍ ላይ ሆኖ 'ልጁ ማር ነው' አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይዋሽም።"

ጉርሻዬን ማኘክ አቆምኩ። ጋሽ ሶርሳ ፊታቸው በራ። ጋሽ ነስሩ "እውነት ነው!" አሉ። ዝም ብል ነገሩ ያልቃል። ግን የእኚህ አባት ልጅ ለዘላለም ልትሰጥ ነው፣ የምትሰጠውም በእኔ የተሳሳተ ቃል ነው። ዋጥኩና፣

"አቶ አይዛ፣ ይቅርታ" አልኩ። "ያን ቀን ያልኩት ስለ ማሩ ነበር። ስለ ልጁ አልነበረም።"

ጋሽ ሶርሳ እግሬን ረገጡኝ። የጫማቸው ተረከዝ ብረት አለው።

"ስለ ልጁ ልናገር ካሉኝ" አልኩ፣ "እልከኛ ነው። ገንዘብ መያዝ አይችልም። እኔ ታምሜ በተኛሁበት ጊዜ ግን ክፍሎቼን ሁሉ ለሁለት ወር እሱ ነው ያስተማረልኝ፤ ጂኦግራፊ አያውቅም፣ ማታ ማታ እያነበበ። ለማንም አልተናገረም። እኔም የሰማሁት ከተማሪዎቹ ነው። የማውቀው ይህን ነው።"

ወይዘሮ አማረች በጋሞኛ አንድ ነገር ተናገሩ፣ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። ገበያ ላይ ቋንቋውን የለመዱት ጋሽ ነስሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ተረጎሙልኝ፦ "'ማሩንም ልጁንም በእውነት መሰከረ፣ ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?' ነው ያለችው።"

አቶ አይዛ ተነሡ። "ልጃችንን ሰጥተናል" አሉ። "ተቀመጡ፣ ብሉ።"

እልልታው ቀለጠ። ጋሽ ሶርሳ ተቀመጡ፣ በሉ፣ ጠጡ። በተለይ ጠጡ። ማሰሮ ሙሉ ውሃ ብቻቸውን ጨረሱ።

ወደ አርባ ምንጭ ስንወርድ መኪናውን ሦስት ጊዜ አስቁመው ቀርከሃው ውስጥ ገቡ። በሦስተኛው ጊዜ እኔም እግሬን ላፍታታ ብዬ ወረድኩ። ሲመለሱ ጋሽ ነስሩ እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ክንዴን ያዙኝ።

"መምህር፣ ይሄ በሽታህ ሲጀምር ምን ምን ይላል?"

"ምነው፣ ጋሽ ሶርሳ?"

"ምንም። ውሃ ውሃ ይለኛል። ሌሊቱን ስወጣ ስገባ ነው የማድረው። ሱሪዬም ሰፋኝ። እርጅና ነው ብዬ ለማንም አልነገርኩም።"

ጉሙ መንገዱን ሸፍኖታል። እኚያ ቀጥ ብለው የሚቆሙ ሰው ክንዴን እንደ ያዙ ነበሩ። ምን ልምከራቸው? ስንት ሰው ምን ብሎ እንደ መከረኝ አውቃለሁ።

"ነገ ጠዋት አብረን ሐኪም ቤት እንሄዳለን" አልኳቸው። "ምርመራው በባዶ ሆድ ነው። ምንም እህል ሳይቀምሱ ይምጡ።"

"እሱንስ ለእኔ ተወው" አሉ ጋሽ ሶርሳ።